ብቻዋን የወጣችው ዶሮ

ሰፈሩ «እትዬ ጫጩት» ይላታል። ዶሮ ታረባለች፣ መዝሙር ትደርሳለች፤ ሁለቱንም የምትሠራው ባንድ ጊዜ ነው። ጥሬ እየበተነች ታንጎራጉራለች፤ ዶሮዎቹ ሲንጫጩ ግጥሟ ቤት ይመታላታል። «ዜማው የነሱ ነው፣ እኔ ቃል ብቻ ነው የማዋጣው» እያለች ትቀልዳለች።

በጸሎት ቤቷ ከመዝሙር በፊት «የፍጥረት ምስክርነት» የሚሉት ልማድ አለ። አንዱ ይነሳና ከእንስሳት ወገን የተሰማ ተአምር ይናገራል፤ ጉባኤው «እውነት ነው!» ብሎ ይቀበላል። ዛሬ ስለ ጉንዳን ትጋት፣ ነገ አርጅታ ላባዋን በመንቀል ዳግመኛ ወጣት ስለሆነችው ንስር። ማን አየ፣ የት ታየ የሚል የለም። እትዬ ጫጩትም ጠይቃ አታውቅም። ልቧ ለውበት ስስ ነው፤ ያማረ ነገር ሁሉ እውነት ይመስላታል።

አንድ እሁድ ተራው የሽማግሌው ሰባኪ ሆነ። አንድ ቤት ተቃጥሎ እሳቱ ሲበርድ ከሰል የሆነች ዶሮ ተገኘች አሉ። በእንጨት ገፋ ቢያደርጓት፣ ጫጩቶቿ ከክንፏ ሥር በሕይወት እየጮኹ ወጡ።

«እናት ማለት እንዲህ ናት!» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። ከዚያ ወደ መዘምራኑ ዞሩ። «ባለሙያዋ እዚሁ አለችልን። እትዬ ጫጩት፣ እውነት አይደለም?»

«እውነት ነው!» አለች፣ እንባዋ ቀድሟት። ግጥሙም እዚያው መጣላት። ዓይኗን ጨፍና አወጣችው፤ ሕዝቡም እያጨበጨበ ተቀበላት፦

*ነበልባል ቢከባት መች አመለጠች፣*
*ከሰል ሆና ቀርታ ጫጩት አዳነች።*

ዓይኗን ስትገልጥ አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ታናሽ እህቷ ወጥታለች።

ያኔ ክው አለች። ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ ናት። አምና ቤቷ በእሳት ሲያያዝ እሷ የፊተኛው ክፍል ስፌት ላይ ነበረች፤ ሕፃን ልጇ ከውስጥ ተኝታለች። ሰው ልጥራ ብላ ሮጣ ወጣች። ስትመለስ በሩ እሳት ሆኖ ጠበቃት፤ ሕፃኗ ከውስጥ ቀረች። የእጇ ጠባሳ ዛሬም መርፌ ስትይዝ ይጨመደዳል።

በማግስቱ እትዬ ጫጩት ሾርባ ይዛ ሄደች። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል፤ እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«መልሺው እትዬ። ሆዴ ተዘግቷል።»

«ቅመሺው ብቻ፣ በሞቴ።»

«ዶሮ እንኳ!» አለች ታናሽየዋ፣ ብድግ ብላ። «ዶሮ እንኳ ለልጇ ቆማ ነደደች። እኔ ግን በእግሬ ሮጬ ወጣሁ።»

እትዬ ጫጩት የሾርባውን ሰሃን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የፊቱ የዶሮ ቤቴ ተቃጥሎ ነበር እኮ» አለች። «አንቺ ስፌት ልትማሪ ርቀሽ ሳለሽ። አንዲት ቀይ ዶሮ ነበረችኝ፣ ገና የፈለፈለች። ጭራዋ ተለብልቦ ብቻዋን ወጣች።»

«ጫጩቶቹስ?»

«አንድም አልተረፈ።»

«አለቀሰች?»

ምላሷ ጫፍ ላይ ያማረ ነገር መጣ፤ አመዱን ስትዞር ከረመች፣ በሐዘን ድምፅዋ ተዘጋ የሚል። ዋጠችው።

«እኔ እንጃ፣ እህት ዓለም። ስትጮኽ ነበር። በማግስቱ ጥሬ በተንኩላት፤ በላች።»

«በላች?»

«በላች። ምን ታድርግ?»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ዶሮ ለምን ብቻሽን ወጣሽ ተብላ ትጠየቃለች? እንኳን ወጣሽልኝ ብዬ አቀፍኳት። እጄን በመንቆሯ ወጋችኝ፤ ምስጋናዋ ይኸው ነው።»

ታናሽየዋ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ግን ፊቷ ተመልሶ ጠቆረ። «ይህን የምትነግሪኝ ለኔ ለብቻዬ ነው። በሰው ፊት ግን እውነት ነው ብለሻል።»

እትዬ ጫጩት ሾርባውን ክዳን ደፍታበት ወጣች።

ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩ መዝሙሩን ሲያንጎራጉር ሰነበተ። ከደረሰቻቸው ሁሉ እንዲህ የተወደደላት የለም። እሁድ ሰባኪው «በሉ፣ ያችን የእሳቷን!» ሲሉ ጉባኤው ለጭብጨባ እጁን አዘጋጀ። እሷ ብድግ አለች፤ ወንበሩን ያዘች።

«አልዘምራትም፣ አባቴ። እውነት ነው ያልኩት ታሪኩ ስላማረ ነው እንጂ አይቼ አይደለም። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የኔ ዶሮ ከእሳት ብቻዋን ወጥታለች።»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ተጨነቁ። «ታዲያ ልጄ፣ ትምህርቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ትምህርት የለውም እማማ። ዶሮ ናት። እናትም ናት።»

ሰባኪው መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ከሌላ ሰባኪ ነው የሰማሁት» አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸው በጉባኤው ላይ ሲዞር በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቆመ፤ ጠባሳ ያለባቸውን እጆቿን ጉያዋ ከታ የተቀመጠችውን ልብስ ሰፊ አዩ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም።

ሁሉም የሚያውቀው አንድ አሮጌ መዝሙር ተነሳ። እትዬ ጫጩት አፏ ከሕዝቡ ጋር ይዘምራል፣ ሆዷ ግን ሌላ ስንኝ ያመላልሳል፦ *ሮጣ የወጣችም እናት ናት።* ለእሱ ቤት የሚመታ ቃል ብትፈልግ፣ ብትፈልግ አጣች። እንዲሁ ጎደሎውን ስታንከባልለው ከኋላ የእርምጃ ድምፅ ሰማች።

«ጠጋ በይ፣ እትዬ» አለቻት እህቷ።