የቀኝ እግር ብቻ

ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ጥንድ ጫማ ለሁለት ነበር የሚሰፉት፤ ታላቁ ቀኙን፣ ታናሹ ግራውን። አባታቸው ሱቁን ሲያወርሳቸው እንዳይጣሉ ብሎ ያወጣው ሕግ ነው። አንዱ ካኮረፈ ደንበኛው በአንድ እግሩ ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ማኩረፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። የሰፈሩ ሰው እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ረስቶ ታላቁን ቀኙ፣ ታናሹን ግራው ይላቸዋል። ይህ የግራው ታሪክ ነው።

ሱቁ ጠባብ ናት። ሁለት ዱካ፣ በመሃል አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ወስፌ፣ መዶሻና ድብልብል ሰም። ጠዋት ጠዋት ግራው ክሩን ሰሙ ላይ ሦስት ጊዜ ያሳልፋል፣ ጫፉን በከንፈሩ ያሾላል፣ ሁለት መርፌ ውስጥ ያስገባና አንዱን ለወንድሙ ያቀብላል። "ክር ማስገባት የታናሽ ሥራ ነው" ማለት የጀመረው ቀኙ ነው፤ እሱም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ። ግራው ይስቅበት ነበር። ሰውዬው በስተርጅና ጌትነት አማረው ብሎ ነው የተረጎመው።

ቀኙ ሲሰፋ መዳፉን በቆዳ ይሸፍናል። ግራው ግን ያልበኛል፣ ክሩም አይታወቀኝም እያለ በባዶ እጁ ይጎትታል። "አንተ ልጅ፣ እጅህን ጨረስከው እኮ" ይለዋል ወንድሙ። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ልጅ የሚል ሌላ ማን አለ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀኙ ቆዳ ሊገዛ በወጣበት አንዲት ሴትዮ የጫማዋ ተረከዝ ተነቅሎ እያነከሰች ገባች። በከተማው የታወቀች እጅ አንባቢ ናት። ተረከዟ መሃል መንገድ ላይ እንደሚነቀል የገዛ መዳፏ አልነገራትም፤ ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም የሚባለው ለካ እውነት ነው። ግራው ተረከዙን ሲመታላት ዓይኗ ከእጁ ላይ አልተነሳም።

"እስቲ ቀኝ እጅህን" አለችው።

"ሰም በሰም ሆኖ ምኑ ይነበባል?"

"ሰም ዕጣ አይሸፍንም።" መነጽሯን አስተካክላ ከእጁ አንጓ ወደ መሃል ጣቱ የምትወጣውን መስመር በጥፍሯ ተከተለች። "ይቺ የሥራ መስመር ናት። እዚህ ስትደርስ ግን ተቆረጠች፤ አየህ? ይሄ ወፍራሙ ተጋደመባት። እንዲህ የጠለቀ መስመር በዕድሜዬ አላየሁም። ሥራህን ትለውጣለህ። ከእንግዲህ እንጀራህ ከአፍህ ነው፣ ከእጅህ አይደለም።"

ውሸታም አልነበረችም። ያየችውን ነው የተናገረችው።

ሰው ደግሞ ድሮም የሚፈልገውን ሲነግሩት ለማመን ይቸኩላል። የፋብሪካ ጫማ የሚሸጥ ድርጅት በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍት ጫማ የሚያውቅ ሻጭ ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ግራው ከጋዜጣ ቆርጦ ሦስት ሳምንት በኪሱ ይዞ ዞሯል። ለወንድሙ መንገሩ ጨንቆት ነበር። አሁን መዳፉ ሊናገርለት ነው።

ቀኙ ሲመለስ ግራው ስለ ማስታወቂያው ነገረውና እጁን ዘረጋለት። "ጋሼ፣ እስቲ እየው። እጅ አንባቢዋ ሥራ መለወጥ ዕጣህ ነው ትለኛለች። አንተ አይታየኝም ካልከኝ ግን እቀራለሁ።"

ቀኙ የወንድሙን እጅ ከአንጓው ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። አቀረበው፣ አራቀው። ብዙ ቆየ።

"ወፍራሙን ነው?"

"አዎ፣ እሱን።"

"አየሁት። ካላየሁትማ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አለና እጁን ለቀቀው። "ዕጣህ ከሆነ ምን ይደረጋል። ሂድ።"

"በየሳምንቱ እየመጣሁ አግዝሃለሁ።"

"አትመላለስ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ሥራውን ስትለምድ ትመጣለህ።"

ግራው ሄደ። በመስታወት በታጠረ ሱቅ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጫማ ይሸጥ ጀመር። ሲያወራ ለጉድ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ ምላሱ ጤፍ ይቆላል አሉት። ጫማውን ገልብጦ ሲያየው ግን ስፌት የለውም፣ ሙጫ ብቻ ነው። ስንት ዓመት ያገለግላል ብለው ሲጠይቁት ይዋሻል፤ ማታ ማታም ውሸቱ ያንገበግበዋል። ለወንድሙ ሲደውል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ አትምጣ።"

በስምንተኛው ወር አንድ ቀን እጁን እየታጠበ ሳለ መዳፉን አየ። ወፍራሙ መስመር የለም። በሳሙና አሸው፣ ወደ መብራቱ አዞረው። ከጠቋሚ ጣቱ ሥር እስከ መዳፉ ጠርዝ ቆዳው ለስልሶ እንደ ማንም ሰው እጅ ሆኗል። የሥራ መስመሩም ሳይቆረጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። ያኔ ገባው። እዚያ ቦታ ላይ ያርፍ የነበረው ክሩ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲጎተት የቆፈረው ቦይ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ስለኖረ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣ መስሎት ኖሯል። ቧንቧውን ሳይዘጋ አለቀሰ። ከሁሉ የከነከነው ግን ሌላ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ክር ሲጎትት የኖረ ወንድሙ ያን መስመር አይቶ እንዴት ሳያውቀው ቀረ?

በማግሥቱ አውቶብስ ተሳፈረ።

ሱቁ ክፍት ነበር። መደርደሪያው ላይ አዳዲስ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም የቀኝ እግር ናቸው። ቀኙ ዱካው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል፤ የገባውን ሰው ግን አላየውም። ግራው በሩ ላይ ቆመ። ያ ጤፍ የሚቆላ ምላስ ተሳሰረ።

"ማን ልበል?" አለ ቀኙና እጁን ዘረጋ። ግራው ጨበጠው። "ለስላሳ እጅ ነው፤ የቢሮ ሰው ነዎት መሰለኝ። ይቀመጡ። ጫማ ለማሠራት ከሆነ ግን ወንድሜ ሲመጣ ይመለሱ። እኔ የቀኙን ብቻ ነው የምሠራው።" ጠረጴዛውን ዳብሶ መርፌና ክር አነሳ። "ከመጡ አይቀር ይቺን ክር ያስገቡልኝ። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ አስቸገርኩ።"

ግራው ተቀበለ። እጁ ልማዱን አልረሳም፤ ክሩን ሰሙ ላይ ሦስት ጊዜ አሳለፈ፣ በከንፈሩ አሾለ፣ አስገብቶ ሰጠው። ቀኙ ክሩን በሁለት ጣቱ እየሳበ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ወንድሜም እንዲህ ነበር የሚያስገባው" አለ ቀስ ብሎ። "እጁ ላይ መስመር ወጥቶ ነው የሄደው። አሳይቶኝ ነበር። ያኔ እንኳን መስመር የሰው ፊትም በወጉ አይታየኝም። አልታየኝም ብለው ኖሮ የዓይኔን መድከም አውቆ ሊቀርልኝ ነበር። በእኔ የተነሳ ዕጣው እንዳያልፈው ብዬ አየሁት አልኩት።"

"ጋሼ" አለ ግራው።

መርፌው ከቀኙ እጅ ወደቀ። ከዚያ "እጅህን ስጠኝ" አለው። አውራ ጣቱ ከጠቋሚ ጣቱ ሥር ተነስቶ እስከ መዳፉ ጠርዝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"መስመሩ የቱ ጋ ነበር?"

"እዚያው አሁን የያዝከው ላይ። የክሩ ቦይ ነበር፣ ጋሼ።"

ቀኙ አውራ ጣቱን ከዚያ አላነሳም።

"ብነካው ኖሮ አውቀው ነበር" አለ።