ጠሪዋ እርግብ

አርሂባ ሰፈር በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር አለ። እርግቦቹ ክዳኑ ላይ ይሰፍራሉ፤ ኩሳቸው በስንጥቁ እየገባ ተማሪዎቹ የሚጠጡትን ውሃ ያበላሸዋል። ዳይሬክተሩ «ሳይንስ አስተማሪው አንተ አይደለህ?» ብለው ሥራውን ሰጡኝ። የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም ነበርና በደስታ ተቀበልኩ፤ ዕቅዴንም በሦስት ገጽ ጽፌ አቀረብኩ።

ዘዴው ቀላል ነው። ከሽቦ ሳጥን ይሠራል፤ በሩ ከውጭ ሲገፉት ይከፈታል፣ ከውስጥ ግን አይከፈትም። ውስጡ እህል፣ ውሃና አንዲት ለማዳ እርግብ ይቀመጣል። ሌሎቹ እሷ ስትበላ ሲያዩ ደህና ቦታ መስሏቸው ይገባሉ።

ለማዳ እርግብ ያለቻቸው እዚያው ግቢ የሚኖሩት ዘበኛ ብቻ ነበሩ። እናቷን ድመት በልቶባት፣ እህል እያላመጡ በአፋቸው ያሳደጓት ነጭ እርግብ ናት።

«ጋሼ፣ ለሁለት ሳምንት ያውሱኝ።»

«ትመለስልኛለች?»

«ቃሌ ነው።»

«እንግዲህ መምህር ቃሉን አያጥፍም» ብለው ሰጡኝ።

በየጠዋቱ ከመዳፌ ማሽላ አበላኋት። ከዚያ የገቡትን አንድ በአንድ አወጣለሁ። ዘበኛው ጆንያ ይይዙልኛል፤ እኔ እያሳየሁ አብራራለሁ፦ ክንፏን በብብት ጥብቅ፣ ጭንቅላቷን በሁለት ጣት፣ ሳብ፣ እጥፍ። አትሰቃይም።

«ከተማው ዳር፣ አምቡሊ ወስዶ መልቀቅ ምን ነበረበት?» አሉኝ አንድ ቀን።

«እርግብ ያደገችበትን አትረሳም፣ ጋሼ። አንዲት እንኳ ከተመለሰች ሌሎቹን ትጠራለች። ዕቅዴ ላይ ጽፌዋለሁ።»

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጣሪያው ጸዳ። ዳይሬክተሩ ወጥተው አዩና፣ «ጎበዝ! ያቺ ነጯስ?» አሉ።

«የዘበኛው ናት። እመልሳለሁ ብዬ…»

«አንዲት ከቀረች ትጠራለች ያልከው ማነው፣ እኔ ነኝ? ቅጥርህ እንዲጸድቅ ከፈለግህ ዛሬ ጨርስ።»

ወርጄ ለዘበኛው ነገርኳቸው።

«ባልባላ ሰፈር ያለችው እህቴ ዘንድ ልውሰዳት» አሉ።

«ከባልባላም ትመለሳለች፣ ጋሼ» አልኩና አብራራሁላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ራሳቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው በሁለት እጃቸው ይዘዋት መጡ።

«እርስዎ ያውቁበታል» ብለው አቀበሉኝ።

ከሁሉም ቀላሏ እሷ ሆነች። ሌሎቹ ይራገጡ፣ ይቧጭሩኝ ነበር፤ እሷ መዳፌ ላይ ማሽላ ፈለገች። ጭንቅላቷን በሁለት ጣት ስይዛት እንኳ አልታገለችም።

ዘበኛው ጆንያውን ከፍተው ያዙልኝ።

«በደንብ አስተምረዋታል፣ መምህር።»

ደብዳቤዬ በዚያው ቀን ከሰዓት ተፈረመ።