ቆጧን የጠላችው ዶሮ

ነጭ ሽንኩርት አልልጥም። ልጆቼም ያውቁታል፤ የሚላጥ ከሆነ እኔ ግቢ ወጥቼ እቆማለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንዲህ ያለች ቀበጥ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አትሳቂብኝ! ሽታው አፍንጫዬን ሲነካኝ ያቺ ቀይ ዶሮ ከብሳናው ዛፍ ላይ ሆና ቁልቁል ታየኛለች። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አልለቀቀችኝም።

ያደግኩበት ቤት ከቡሬ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ምርጥ ዘር የሚሉት በቆሎ አገራችን ገና የገባ ጊዜ ነው። ምርቱ ጉድ ነው፤ ግን ነቀዝ አይችልም፣ ጆንያው ውስጥ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። እኔ አሥር ዓመቴ፣ ታናሽ ወንድሜ አምስት። እኔ ከአክስቴ ጋር ማድ ቤት እተኛለሁ። እሱ ከእናትና አባቴ ጋር ትልቁ ቤት ነው፤ እነሱ በር ዳር መደቡ ላይ፣ እሱ ይሞቀዋል ተብሎ ጓዳ፣ ከተደረደረው የበቆሎ ጆንያ ሥር አጎዛ ተነጥፎለት። የዶሮዋ ቆጥ ከጆንያዎቹ በላይ ነበር።

ዶሮዋ የእሱ ነበረች። ሁዳዴ ስለሆነ በቤቱ እንቁላል የሚበላ እሱ ብቻ ነው። ረፋድ ላይ ጓዳ ካለው አሮጌ ቅርጫት ትኩሱን እንቁላል ያነሳና ጉንጩ ላይ ለጥፎ ወደ እናቴ ይሮጣል። "እዪ፣ ይሞቃል!" ይላታል፤ በየቀኑ፣ እንደ አዲስ ነገር።

አንድ ቀን አባቴ ከገበያ የነቀዝ ክኒን ይዞ መጣ። የልማት ሠራተኛዋ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ሰው በሚተኛበት ቤት እንዳያደርገው ነግራዋለች። እሱ ግን "ጎተራዬን ምስጥ በልቶት የት ላድርገው? ውጭ ለሌባ ልስጠው?" አለ። ክኒኑን በየጆንያው ከትቶ አፍ አፉን ሰፋው፤ ከላይ ላስቲክ አለበሰው፤ እጁን ታጠበ። ጠንቃቃ ሰው እኮ ነበር፣ አባቴ።

በማግስቱ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዶሮዋ አልገባም አለች። ደጃፉ ድረስ መጣች፣ አንገቷን አስግጋ ቆመች፣ ከዚያ ተመልሳ ብሳናው ላይ ወጣች። ቅርጫቱ ውስጥ እንቁላል ጠፋ። እናቴ ላባ እየቀየረች ይሆናል ብላ ያዘቻትና ከጭራዋ ሥር በጣቷ ዳሰሰቻት።

"አላት እንጂ! ውጭ እየጣለች ነው፤ ሂዱ ፈልጉ" አለችን።

ያገኘው ወንድሜ ነው፤ አጥሩ ጥግ ግራዋው ሥር ሁለት እንቁላል። "ቤት ቀይራለች" አለኝ ደስ ብሎት። አክስቴ ግን ደስ አላላትም። ዶሮ ቆጧን ከጠላች ለቤቱ ደግ አይደለም ብላ አማተበች። "ጾም ባይሆን ዛሬውኑ ትታረድ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ወስዳችሁ ገላግሉን!"

ወንድሜ አለቀሰ። እኔም አንጀቴ አልቻለም። ዶሮዋ ወደ ቆጧ ከተመለሰች አክስቴ ዝም ትላለች ብዬ ሲመሽ ከብሳናው አወረድኳትና እግሯን በገመድ ቆጡ ላይ አሰርኳት። አቤት ስትታገለኝ! ጓዳው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እናቴ ለሽሮ የላጠችው ነው የመሰለኝ።

ጠዋት ገመዱን በጥሳ በሩ ሥር ክንፏን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ተገኘች። ግቢ ስንጥላት ግን ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራች። ወንድሜም አስመለሰው፤ ራሴን አለ። እናቴም ራሷን በሻሽ ጠፍራ ነበር፤ እሷ ጾሙ ነው አለች። የእሱን ደግሞ ግራዋው ሥር ሲፈልግ ፀሐይ መትቶት ነው፣ ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጠው። ምች የያዘው ሰው ደግሞ ነፋስ አይንካው አይደል? ተሸፋፍኖ ጓዳ ተኛ፤ በሩም መስኮቱም ተዘጋ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል እናቴ ውኃ ወርዳለች። ወንድሜ ትንሿን ጋቢውን እየጎተተ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ብሳናው ሥር ሄዶ ጥቅልል አለ። ዶሮዋ ከበላዩ ናት።

"እዚህ ልተኛ። እዚህ ይሻለኛል" አለኝ።

"ነፋስ ይመታሃል፣ እማዬ ትገርፈኛለች" አልኩት። እጁን አንገቴ ላይ ጠመጠመ እንጂ አልተከራከረኝም። አቅፌ አስገባሁት፤ አጎዛው ላይ አስተኛሁት፤ በሩን መልሼ ዘጋሁት። ስወጣ አባቴ በሬዎቹን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ።

ሊነጋጋ ሲል የእናቴን ጩኸት ሰማሁ። የቀረውን አልነግርሽም፣ ይቅርብሽ።

ለለቅሶ የመጣችው የልማት ሠራተኛ እግሯ ደጃፉን ከመርገጡ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ "ሰው አስወጡ! በሩን ክፈቱት!" ብላ ጮኸች። ያኔ ነው የገባን፤ ነጭ ሽንኩርት የሸተተኝ የክኒኑ መርዝ ነበር። አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ዶሮዋ የጠላችው ቆጧን አልነበረም፤ አየሩን ነበር። እንደ ሟርት ቆጠርነው እንጂ አንዳችንም ምን ሸትቷት ይሆን አላልንም።

በሠልስቱ እናቴ ጋቢውን ብሳናው ሥር አገኘችው። ይዛው መጥታ ሰው ሁሉ ፊት ቆመች።

"ልጄ ወጥቶልኝ ነበር። ማነው መልሶ ያስገባብኝ?"

አባቴ ወደ እኔ ሳያይ፣ "እኔ ነኝ" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ለአባቴ ምግብ ታቀርብለት ነበር እንጂ አብራው ቆርሳ አታውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻውን በላ። አንድም ቀን ነገሩን አላነሳብኝም፤ እኔም ለእናቴ እውነቱን ሳልናገር አባቴን ቀበርኩት።

እናቴ አሁን እዚሁ ከእኔ ጋር ናት፤ ዓይኗ ደክሟል። አንዳንዴ ፀሐይ ስትሞቅ "አባትሽ ጨካኝ ነበር፤ ልጁ ወጥቶ እንኳ መለሰው" ትለኛለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ነጠላዋን አስተካክልላታለሁ።