ታደገና የተበተነው ቡድን

ታደገ አሠልጣኝ የሆነው ሰው ሲጠፋ ነው። የካናዳዋን ከተማ ካልጋሪን ነዳጅ ባሰከራት ዘመን የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ዋና አሠልጣኝ የነዳጅ ኩባንያ ሲጠራው ጥሎ ሄደ፤ ቦታው ለረዳቱ ለታደገ ደረሰው። ታደገ ጨዋታውን የተማረው እዚያው ተማሪ ሳለ፣ ጉልበቱ እስኪጎዳ ተጫውቶ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ይነዳል፤ ከሰዓት ሜዳ ይወርዳል። ፋልከንሪጅ ሰፈር በተከራየው ምድር ቤት የሚጠብቀው ሰው የለም።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይወዱታል፤ ሥራው ግን አይገባቸውም። "ኳሱ እንኳ በቅጡ ክብ አይደለም" እያሉ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ ስምንት ተጫዋቾች ነበሩት። የነዳጅ ሥራው አንድ በአንድ ወሰደበት። በሦስተኛው ዓመት ኳስ ወርዋሪው ዳዊት፣ ቴምፕል ሰፈር ያደገ የሐበሻ ልጅ፣ የልምምድ ቦርሳውን ሳይዝ መጣ።

"ኮች፣ ሶሪ... ጆብ አገኘሁ። ፎርት ማክመሪ፣ ነዳጁ ጋ። ሰኞ ስታርት አደርጋለሁ።"

"ትምህርትህስ?"

"አይ ዶንት ኖው፣ ኮች።"

ታደገ ሊለምነው ፈልጎ ነበር፤ ግን "ወፍራም ጃኬት ያዝ፤ የዚያ ብርድ ሌላ ነው" ብቻ አለው። መኪናው ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ አየና ለቀሩት ፊሽካውን ነፋ።

የመጨረሻውን ጨዋታ በጥቅምት በረዶ፣ በአሥራ አራት ሰው ገቡ። ሊያልቅ ሲል፣ በሦስት ዓመት ኳስ በእጁ ይዞ የማያውቀው ግዙፉ ማትያስ የወደቀ ኳስ አፈፍ አድርጎ፣ እያለከለከ ሜዳውን አቋርጦ የነጥቡን መስመር አለፈ፤ ስድስት ነጥብ። ታደገ በዚያ በተጎዳ ጉልበቱ ዘለለ። ደስታውን የሚያካፍለው ፍለጋ ወደ መቀመጫዎቹ ዞረ። ብርዱ ተመልካቹን ሁሉ ቤቱ ሰዶታል።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌውን ጋሼ ፀጋዬን ያዛቸው።

"ጋሼ፣ ትናንት የማትያስን ሩጫ ቢያዩት!"

"አሸነፋችኋ?"

"አይ፣ ሃምሳ ሁለት ለስድስት ተሸነፍን።"

ጋሼ ፀጋዬ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ።"

በዚያው የበረዶ ወራት ኮሌጁ ቡድኑን በተነ። ታደገ ለሌሎች ኮሌጆች ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። በዓመቱ የዳኝነት ፈተና አለፈና ቅዳሜ ቅዳሜ የታዳጊዎችን ጨዋታ መዳኘት ጀመረ። በሁለት ጨዋታ መካከል መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ ምሳውን ይበላል፤ በመስኮቱ ልጆቹ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ ያያል። አንዱ አቋቋሙን ሲያበላሽ ወርዶ ሊያርመው እጁ ወደ በሩ ይሄዳል። ዳኛ መሆኑ ትዝ ይለውና ይመልሰዋል።