የእናቴ አንገት በአራት ካሜራ

አፍንጮ በር አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ያረፉ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የቆመው ፎቶ የሳቸው አይመስልም ነበር። ልጃቸው በስልኳ ያነሳቻቸው ነው። ስልኩ የፊታቸውን መስመር ሁሉ ጠርጎ፣ ቆዳቸውን አንጥቶ፣ ዓይናቸውን አጉልቶ ሌላ ሴት አድርጓቸዋል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ለቀስተኛ፣ "ልጅቷ ናት እንዴ የሞተችው?" ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። ብግን አልኩ። ሰው ዕድሜ ልኩን በአንድ ፊት ኖሮ በሌላ ሰው መልክ ይለቀስለታል?

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ክንዴን ተደግፋ፣ "እኔን በቁሜ አንሱኝ" አለች። "ስሞት ፎቶ ፍለጋ እንዳትራወጡ። አይቼ የወደድኩትን ነው የምታቆሙት።"

"እኔ አነሳሻለሁ" አልኳት፣ በልቤም ማልኩ። እናቴ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ዙሪያ ደግሞ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት አላት። ከዕድሜዋ ጋር ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም። ልጅ ሆኜ እቅፏ ውስጥ ተኝቼ በጣቴ የምከተለው እሱን ነበር። ለኔ የእናቴ መልክ ማለት እሱ ነው፤ ማንም ስልክ እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በረንዳው ላይ አስቀመጥኳትና ስልኬ ይዞት በመጣው ካሜራ አነሳኋት። ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳብ አደረገችው። "አውርጂው እንጂ እማዬ፣ አንገትሽ ይታይ" ብዬ በእጄ ገለጥኩት። ፎቶውን ሳየው ግንባሯ ላይ መስቀል የለም። አንገቷ ላይ አመድ የነካው የሚመስል ጥላ ብቻ ቀርቷል። ማሳመሪያውን አጥፍቼ ደግሜ አነሳሁ፤ ያው ነው። ስልኩ ንቅሳቱን እድፍ መስሎት አጥቦታል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እነዚህ ስልክ ሠሪዎች እኛን ካልናቁን የእናቴ ግንባር ምን አገባቸው?

ታናሽ እህቴ ሳቀችብኝ። "አንቺ ደግሞ ፋራ ነሽ፣ የኔን አፕ ሞክሪው" ብላ በራሷ ስልክ አነሳቻት። የሷማ ባሰ። አገጯን አሹሎ፣ ከንፈሯን ቀለም ቀብቶ ሙሽራ አደረጋት። መስቀሉ ጭራሽ የለም፣ አንገቷ ልሙጥ ሆኗል። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ዓይኗ ድረስ አስጠግታ ብዙ አየችው።

"ይቺ እኔ ነኝ?" አለች።

ደሜ ፈልቶ ነበር። ስልኩን ከእጇ ቀማኋትና "አይደለሽም" አልኳት።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ፒያሳ ወደማውቀው ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ። መንገዱ ራሱ ያናድደኛል። ግማሹ ፈርሷል፣ የቀረው ግድግዳ አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። ስንጥቁን ሳይቀር የማውቀው ቤት የት ጋ እንደነበረ ቆሜ እስካስብ ድረስ ጠፍቶኛል። ሰፈሩን ልሙጥ አድርገው ሲጨርሱ ወደ እናቴ ፊት የዞሩ መሰለኝ።

"ማዘርን የሚያሳምር አፕ ነው የምትፈልጊው?" አለኝ ጠጋኙ።

"የማያሳምር።"

"ይሄ ደግሞ አዲስ ሙድ ነው" ብሎ እየሳቀ ሁለት አፕ ጫነልኝ። አንደኛው የሌላ ድርጅት ስልክ ካሜራ ነው፤ ሰዎች ለሌላም ስልክ እንዲሆን አድርገው አስተካክለውታል። ሁለተኛው ብርሃኑንም ጥራቱንም በእጅ እያስተካከሉ የሚያነሱበት ነው። ፎቶውን ስልኩ ሳያበስለው በጥሬው ያስቀምጠዋል አለኝ።

የመጀመሪያው ጎበዝ ነው፣ አልክድም። የነጠላዋን ጥለት ክር በክር አወጣው፣ መስቀሉም ታየ። ግን ጥላ ጠላቱ ነው። ከበሩ ጀርባ ያለውን ጨለማ ሁሉ አበራው፣ ሽብሽቧን በቢላ የተቆረጠ አስመሰለው። እናቴ ጦር አዝማች መሰለች። አንዱ ፊቷን ሲሰርዝ ሌላው ሲያጋንን፣ ሰውን እንዳለ ማየት ይህን ያህል ከባድ ነው ወይ ብዬ ስልኩን ፍራሹ ላይ ወረወርኩት።

ጥሬውን የሚያስቀምጠው አፕ ደግሞ ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ እኔ ድሮም ትዕግሥት የለኝም። አንዴ ነጭ ሆና ትወጣለች፣ አንዴ ትጠቁራለች፣ አንዴ ስትተነፍስ ትደበዝዛለች። በየመሃሉ ነጠላዋ ወደ አገጯ ይወጣል፣ እኔ አወርደዋለሁ። "አትንቀሳቀሺ እንጂ፣ ያምርብሻል" እያልኩ እጮኽባታለሁ። ከሥራ በገባሁ ቁጥር በረንዳው ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ወገቧን እያመማትም ትቀመጥልኛለች።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ተሳካ። ፀሐዩ ገና ሳይበረታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሽብሽቧ በልኩ ነው፣ የደከመው ዓይኗ የደከመ ነው። መስቀሉ አለ፣ የአንገቷ ንቅሳትም ረድፍ በረድፍ አለ፣ የደበዘዘው ከነድብዛዜው። እልል ማለት ቃጣኝ። አራቱንም ካሜራ አሸንፌ ያወጣኋት መሰለኝ።

እህቴ ያነሳቻትንም ልካልኝ ስለነበር አራቱን ፎቶ በተራ ለእናቴ አሳየኋት። "ምረጪ" አልኳት፤ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻውን፣ የኔን፣ አየችና አለፈችው። ወደ ኋላ ተመልሳ እህቴ ያነሳቻትን፣ ያቺን ሙሽራ፣ በጣቷ ነካች።

"ይቺን ነው የምታቆሙት።"

እርር አልኩ። "እማዬ፣ ይቺ እኮ ውሸት ናት። ንቅሳትሽ የታለ?"

"የወተት ጥርሴን ገና እየነቀልኩ ነበር" አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። "አክስቴ እግሬን ያዘች፣ እናቴ ራሴን ያዘች፣ ነቃሿ መርፌዋንና ጥቀርሻዋን ይዛ መጣች። አትንቀሳቀሺ፣ ያምርብሻል ይሉኛል። ስጮህ ዋልኩ። አንገቴ አብጦ ውኃ መዋጥ አቅቶኝ ነበር። እዚህ ከተማ ስመጣ ደግሞ ባላገር እያሉ ሳቁብኝ። ትፈልጊዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ያን ሁሉ ዓመት በጣቴ ስከተለው አንድም ቀን ይህን ነግራኝ አታውቅም። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ የሚያርፍበት አጥቶ እዚያው ቀረ።

"ስልኩም እኮ አልጠየቀሽም" አልኳት።

"አልጠየቀኝም" አለች። "ግን አጠፋልኝ። ስትፈልጊ ሰንብተሽ የመለስሽብኝ አንቺ ነሽ።"

በስልኩ ተናድጃለሁ፣ በነቃሿ ተናድጃለሁ፣ የእናቴን ራስ በያዘችው አያቴ ተናድጃለሁ፣ ከሁሉም በላይ በገዛ እጆቼ ተናድጃለሁ። የመረጠችውን ፎቶ አሳትሜ በመስታወት ላስገባ ፒያሳ ልወርድ ጫማዬን እያሰርኩ፣ ቢቸግረኝ፣ "የኔንስ ምን ላድርገው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ላንቺ ይሁን" አለች። "ለቅሶው ግን የኔ ነው።"