ይህን የሚለው አክተሩ ነው

የአንድ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ትዝታ ለመጻፍ ይበቃል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዕድሜያቸውን በሙያ ያሳለፉ ሰዎች ባሉበት የእኔ የትምህርት ቤት ዘመን ሥራ ምን ሊባል ነው? ሆኖም ሸዋሮቢት ውስጥ ማይክራፎን ይዞ ፊልም የሚተረጉም ወጣት ዛሬም አለ፤ ለእሱ ይጠቅመው ይሆናል።

ሥራውን የጀመርኩት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘሀራ ተርጓሚያቸው አዲስ አበባ ስለሄደባቸው እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይፈልጉ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከሚክሰሩ አጠገብ አስቀመጡኝና፣ «የፊልሙን ድምፅ በዚህ ትቀንሻለሽ፣ የራስሽን በዚህ ትጨምሪያለሽ። ያልገባሽን እለፊው እንጂ ከራስሽ አትፍጠሪ» አሉኝ።

አፌን ስከፍት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«አክተሩ ሴት ሆነ እንዴ?» አለ ከድር። ከድር ሁልጊዜ ከቬንትሌተሩ ሥር የሚቀመጥ የባጃጅ ሹፌር ነው። እኛ ጋ የፊልሙ ጀግና «አክተሩ» ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሳቁ ብዙም አልቆየ። ጠዋት ፊልሙን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ እሰማለሁ፣ ከሰዓት እተረጉማለሁ። አክተሩን በወፍራም ድምፅ፣ ማፊያውን፣ ማለትም ክፉውን ሰው፣ በቀጭን። እኔን ለመስማት ከጎረቤት ከተማ ከጀውሃ ድረስ የሚመጡ ነበሩ። ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ፣ ሰማይ ላይ የሚበር አክተር ያለበት ተከታታይ ፊልም አዲስ ክፍል መጣ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መሀል ላይ አክተሩ መብረሩን ትቶ ንግግር ጀመረ። ከሌላ ዓለም መጥተው ከተማው ውስጥ የሰፈሩ ፍጡራን አሉ። አንድ ባለሥልጣን ይባረሩ ይላል፣ አክተሩ ይከራከርላቸዋል። እኔም ተረጎምኩ፦ «መጤ ናቸው ብላችሁ አታባርሯቸውም!»

«መጤ» ስል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኛ ዘንድ ይህ የፊልም ቃል አይደለም፤ ሰው ከቤቱ የወጣበት ቃል ነው።

«ማንን ነው መጤ የምትይው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«እኔ አይደለሁም፣ ፊልሙ ነው!»

«ፊልሙ አማርኛ ይችላል እንዴ?» አለ ከድር። «ስሚ፣ ፖለቲካ ካማረኝ ዜና እከፍታለሁ። እኔ የመጣሁት ወላሂ ሲበር ለማየት ነው!»

ፉጨቱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። አግዳሚዎቹ ላይ የነበሩት እርስ በርስ መነታረክ ሲጀምሩ እትዬ ዘሀራ ፊልሙን አጠፉት።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ «ልጄ፣ ውጭ የማይነጋገሩ ሰዎች እዚህ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ከቀረ ቤቱን እዘጋዋለሁ። ነገ ንግግሩን ዝለይው» አሉኝ።

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ። ከፋኝ፤ ግማሽ ፊልም መተርጎም ሥራ አይመስለኝም ነበር።

በማግስቱ እንደታዘዝኩት አደረግኩ። ንግግሩ ሲመጣ ማይክራፎኑን ዘጋሁና የፊልሙን ድምፅ ለቀቅኩት። አክተሩ ይናገራል፣ እንባው ይወርዳል፤ እኔ ዝም።

«ምን አለ?»

«ለምን ያለቅሳል? ማን ሞተበት?»

«አንቺ፣ ተኛሽ እንዴ?» ይህ ከድር ነው።

ማይክራፎኑን ከፈትኩ። «ፖለቲካ አልፈልግም ብለሃል» አልኩት።

«አልፈልግም! ግን ምን አለ?»

አዳራሹ ሳቀ። እትዬ ዘሀራ ከበሩ ሆነው በአገጫቸው «በይ» አሉኝ። ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩት። ጠዋት እንደገና ሳዳምጠው አክተሩ ያለው «የመጡት» ብቻ እንደሆነ አረጋግጬ ነበር። ስድቡ የአማርኛው ነው።

«ይህን የሚለው አክተሩ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «‹ከሩቅ የመጡትን አታባርሯቸውም። እኔም ከሩቅ ነው የመጣሁት።›»

ማንም አላፏጨም።

«ይኸው ሰበካ!» አለ ከድር። «ደግሞ ርዝመቱ! በይ አሁን ይብረር።»

በረረ።

ከዚያ በኋላ አክተሩ ንግግር በጀመረ ቁጥር «ይህን የሚለው…» ስል አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አክተሩ ነው!» ይል ነበር። ቤቱ አልተዘጋም። ከድር ንግግር መስማት እስከ መጨረሻው እንዳስጠላው ነው፤ ቦታውን ግን አለቀቀም። እኔም አንድም ንግግር አልዘለልኩም።

ተመልካች የፊልሙን ሐሳብ መጥላት መብቱ ነው። ተርጓሚ የተባለውን ይናገራል፣ የማን ቃል እንደሆነም አስቀድሞ ይናገራል።

ማይክራፎኑን ለተተኪዬ ባስረከብኩበት ቀን፣ በመጨረሻው ንግግር ላይ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ከድር ቀደመኝና «ይህን የሚለው አክተሩ ነው!» ብሎ ጮኸ። ጳጉሜን አምስት ነበር።