ዳግም አፌን የፈታሁባቸው ጨዋታዎች

መጀመሪያ የጠፋብኝ ቃል ሽንኩርት ነው። ሮማ፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ፣ ሁልጊዜ የምገዛበት መደብ ፊት ቆሜ ነበር። ቺፖላ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ ጣልያንኛም አይደለም፣ አማርኛም አይደለም። ሻጩ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። በጣቴ ልጠቁመው ቀኝ እጄን ላነሳ አልኩ። አልተነሳም። ዘንቢሉ ወደቀ።

ምንም አላመመኝም። ይህን ልብ በሉልኝ። ራስ ምታት የለ፣ ማዞር የለ። ስላላመመኝ የታመምኩ አልመሰለኝም።

በዚያ ሰዓት አንዲት ያገሬ ሰው አጠገቤ ነበረች። እዚህ ወይዘሮ ጽጌ እላታለሁ። ስሟ አይደለም፤ ካነበበችው ግን ራሷን ታውቃለች። ባሏ በጃንሆይ ጊዜ ሹም ነበሩ። ደርግ ሲመጣ ሮማ ገባች፤ ከሹመቱ የተረፈውን ኩራት ግን አንድም ሳይቀር ይዛው ነው የመጣችው። በየቤቱ የምንሠራ ሴቶች እሷ ስትገባ እንነሳ ነበር። እሷ እኛን አንቺ፣ እኛ እሷን እርስዎ። አፌ መጣመሙን አየች። እጄ መንጠልጠሉን አየች። «ነርቭ ነው፤ ሥራ በዝቶብሽ ነው። ሄደሽ ተኚ» አለችኝና አውቶቡስ ላይ አሳፈረችኝ።

ተኛሁ። ማታ ላይ የምሠራላት ሲኞራ መጥታ ጠራችኝ። መመለስ አቃተኝ። ፊቴን አየችና ጥያቄ ሳታበዛ አምቡላንስ ጠራች። እግዚአብሔር ይስጣት።

ሆስፒታል ታክ የሚሉትን የራስ ቅል ራጅ አነሱኝ። ሐኪሙ ኢክቱስ ነው አለ፤ እኛ ስትሮክ የምንለው ነው። ለግራው የአንጎሌ ክፍል የሚሄደው ደም ተቋርጧል። ቀኝ እጅና ንግግር የሚታዘዙት ከዚያ ነው። የንግግሩ መጥፋት ስሙ አፋዚያ ይባላል። ሐኪሙ ሲያስረዳ «የሚነገራትን ትሰማለች፣ ታስባለችም። ያጣችው መልስ የምትሰጥበትን ቃል ነው» አለ። የሚነግረው ግን ለእኔ አልነበረም። ለጽጌ ነበር። አክስቷ ነኝ ብላ ገብታለች። አክስቴ አይደለችም።

እኔ ተኝቼ እሰማለሁ። ጽጌ ትናገራለች። ወደ አገሯ ትግባ፤ እዚህ ማን ያስታምማታል፤ የጉዞ ወረቀት የሚያሠራ ሰው አለኝ፤ የአገራችን ሰዎች ማኅበር ትኬቱን ይችላል። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ለራሷ መናገር ከቻለች የምትለውን እንሰማለን፣ ካልቻለች ቤተሰብ ይወስናል አለ።

አገሬን ጠልቼ አይደለም። እናቴ ሞታለች። ወንድሜን ከቤቱ ወስደውታል፤ የት እንዳለ አናውቅም። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ማን ነሽ፣ ከየት መጣሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ ሲባል ቶሎ መመለስ ነበረበት። ዝም ያለ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ይባል ነበር። እኔ ስሜን መናገር አልችልም። እንደዚያ ሆኜ ልትልከኝ ነው። አይሆንም ልላት ፈለግሁ። አልወጣም።

የንግግር ሕክምና የሚሰጡትን ሎጎፔዲስታ ይሏቸዋል። የእኔዋ ዶቶሬሳ ክላውዲያ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲጋራ የምታጨስ ወጣት። መጀመሪያ ሥዕል ታሳየኝ ጀመር። ማንኪያ። ድመት። ጃንጥላ። ሰው ቤት ማንኪያ ሲወለውል የኖረ ሰው ማንኪያ በይ ሲባል ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ቀን ካርዶቹን በግራ እጄ አንድ በአንድ ገልብጬ አስቀመጥኳቸው። አልተቆጣችም። ሳቀች። በማግስቱ ካርዶቹን ትታ ከቤቷ ኮምፒዩተር ይዛ መጣች።

ያኔ ኮምፒዩተር በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። ይኸኛው የጽሕፈት መኪና የሚመስል፣ ከሆስፒታሉ አዳራሽ ቴሌቪዥን ጋር በገመድ የሚያያዝ ነው። ጨዋታው በቴፕ ካሴት ነው የሚገባው፤ እስኪገባ ጆሮ ይበሳል። ከዚያ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ጽሑፍ ይወጣል። አንድ ክፍል ውስጥ ነሽ። ፊት ለፊትሽ በር አለ። ምን ታደርጊያለሽ? መልሱን የምትጽፊው በሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አንድ ግሥ፣ አንድ ስም። አፕሪ ፖርታ፣ በር ክፈቺ። ሌላ ነገር ከጻፍሽ ማሽኑ ኖን ካፒስኮ ይላል፤ አልገባኝም።

ዶቶሬሳ ዘዴዋን አስረዳችኝ። እንደ እኔ ባለ አፋዚያ የሚጠፋው በተለይ ግሡ ነው። ስም በሥዕል ይለመዳል፤ ግሥ ግን ማድረግ የምትፈልጊው ነገር ከሌለ አይመጣም።

ያን አልገባኝም የሚል ማሽን ወደድኩት። አያዝንልኝም። ከአፌ አይነጥቀኝም። ሰዎች ገና ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ፣ ውሃ ነው? ሽንት ቤት ነው? ትራስ ነው? እያሉ ያጣድፉኛል፤ ሳልጠማ ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደጠጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ማሽኑ ግን ዝም ብሎ ይቆያል። በግራ ጣቴ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ስጽፍ ደግሞ በሩ ይከፈታል።

ጨዋታ የጨረሰ ሰው አርብ አርብ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ አስተያየቱን መስጠት አለበት። ደግ ነው ወይስ መጥፎ? ለምን? ዶቶሬሳ ከዚያ በላይ አትጠይቅም፤ መልስ ሳታገኝም አትነሳም። ከእኔ ጋር የነበሩት ሲኞር አልዶ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ። ስትሮኩ ከጣልያንኛው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ነው የተወላቸው፤ ፔርፌቶ፣ እንከን የለውም እንደ ማለት። በዚያች ቃል ሁሉን ይሉባታል። ጨዋታው ጥሟቸው ከሆነ ፔርፌቶን ያረዝሟታል፤ ካልጣማቸው በአፍንጫቸው ይተፏታል። ሾርባው ሲመጣም እንደዚሁ። ሳቅ የተመለሰልኝ ከቃል በፊት ነው፤ ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው።

አማርኛዬን ያመጣችልኝ ግን ለተብርሃን ናት። አስመራ በአማርኛ የተማረች ኤርትራዊት፣ እንደኔ ሰው ቤት የምትሠራ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሠራተኛ ዕረፍት ነው፤ ሌላው ፒያሳ ሲሄድ እሷ እኔ ዘንድ ትመጣለች። መጀመሪያ ልታስታምም የመጣች መስሎኝ ነበር። ኋላ ጨዋታው ላይ ተጣደች። ወንበሬን ገፋ አድርጋ፣ ቆይ እስቲ፣ አሎራ፣ እንግዲህ፣ ይሄን ገመድ እናንሳው እያለች ከፊቴ ትጽፋለች።

የመጀመሪያው ጨዋታ የባሕር ላይ መብራት ማማ ነበር። መብራቱን የሚጠብቀው ሰው ጠፍቷል፤ ዘይት እየተሸከምሽ፣ ደረጃ እየወጣሽ፣ መብራቱን እያበራሽ ትፈልጊዋለሽ። መጨረሻ ላይ ለካስ ሰውየው በጀልባው ተነሥቶ ሄዷል። ማንም አልጎዳውም። ለተብርሃን ይህን ስታነብ ደስ አላት። ምስኪን፣ ብቻውን ሰልችቶት ነው፣ እንኳን ሄደ አለችኝ። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ዘይት የተሸከምኩት እኔ! ያን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት እኔ! ከደረቴ ተነሥቶ መጣና እንዲህ አልኩ፤

«መብራት ጥሎ ሄደ።»

ለተብርሃን እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ተናገርሽ እኮ» አለችኝ።

«ሌባ» አልኳት። ሰውየውን ማለቴ ነው።

ሳቋ እንባ ሆነ። ነርሷ ምን ሆናችሁ ብላ ሮጣ መጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ለተብርሃን ምሥጢሩ ገባት፤ እኔን ማናገር ሳይሆን ማናደድ ነው የሚያሻው። ሆን ብላ የማልወደውን ትወዳለች። ሁለተኛው ጨዋታ መርከብ ላይ ነበር፤ ምንም ሳያስጠነቅቅ የሚገድል፣ ሠሪው ሰነፍ የሆነ ጨዋታ። ግሩም ነው አለችኝ። «የትኛው ግሩም? በር ስትከፍቺ ሞት፣ ዳቦ ስትበዪ ሞት» ብዬ አንድ ትንፋሽ ሙሉ ተናገርኩ። ሦስተኛው፣ የአትክልት ስፍራው፣ የሁሉም በላይ ነበር፤ በዚያ ላይ ተስማማን። የብረት በሩን ቁልፍ በየጉድጓዱ ስንፈልግ ከርመን ሲኞር አልዶ ተነሥተው ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። ቡሳ ፖርታ ብለን ጻፍን፤ በር አንኳኪ። ተከፈተ። ቁልፍ ኖሮትም አያውቅም። ፔርፌቶ አሉ፤ የዚያን ዕለቷን ፔርፌቶ ብትሰሟት።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም ነበር። ዶቶሬሳ እንዳለችው የቃል ትንንሽ ጭራዎች የሚመጡት መጨረሻ ነው። በአማርኛ ጭራው አክብሮት ነው። እርስዎ ጠፋኝ። ይቀመጡ፣ ይበሉ፣ እንዴት ነዎት፤ ሁሉም የሉም። ቄሱ ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ አባ፣ ና፣ ቁጭ በል አልኳቸው። ለተብርሃን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። እሳቸው ግን ቁጭ አሉ፤ እናቴም እንዲህ ነበር የምትጠራኝ ብለው ባረኩኝ። ትልቅ ሰው በዚህ ይታወቃል።

ከሆስፒታል የምወጣበት ቀን ሲቃረብ ስብሰባ ተጠራ። ዋናው ሐኪም፣ ዶቶሬሳ፣ ለተብርሃን፣ ጽጌ። የጉዞ ወረቀቱ ደርሷል። ጽጌ ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ፣ ጣልያንኛዋ እንደ ውሃ እየፈሰሰ፣ አገሯ ገብታ በወገኗ መካከል ትረፍ አለች። ስለ እኔ የምትናገረው ሁሉ ያምራል። የኔ የሆነ አንድም ነገር የለበትም።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ሲኞራ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ያን ጥያቄ ስለ መብራት ማማ ተጠይቄበታለሁ። ስለ መርከብ ተጠይቄበታለሁ። ስለ ራሴ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። ቃሉ የለም። ጽጌ ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች፤ ዶቶሬሳ እጇን አንሥታ አስቆመቻት።

ጠበቁኝ።

ግሥ ፈለግሁ። ግሡን ካገኘሁት ስሙ ይከተላል። ሬስቶ አ ሮማ አልኩ፤ ሮማ እቀራለሁ። ፕሬንዶ ሜዲቺና። ቮልዮ ላቮራሬ። መድኃኒት እወስዳለሁ፤ መሥራት እፈልጋለሁ። ሐኪሙ ፐርኬ አሉኝ፤ ለምን? ዶቶሬሳ ከንፈሯን ነከሰች፤ የእሷ ጥያቄ ነውና። እዚያ ማንም የለኝም አልኳቸው። እዚያ ዝም ማለት ያስገድላል። ይህን በቅጡ አልተናገርኩትም፤ ቃሎቹ ወደቁ፣ ተነሡ። ግን ገባቸው።

ከዚያ ወደ ጽጌ ዞርኩና በአማርኛ፣ «ጽጌ፣ ከፈለግሽ አንቺ ሂጂ» አልኳት።

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ አማርኛ የሚሰሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ደነገጡ። ጽጌ ወደ ለተብርሃን ዞራ፣ «አንቺ አለችኝ?» አለች። ስትሮኬን ስታይ እንደዚያ አልደነገጠችም። ለተብርሃን መሬት መሬት እያየች፣ እትዬ፣ በሽታው ነው፣ እርስዎ የሚለው ጭራ ጠፍቶባት ነው አለቻት። ዶቶሬሳ ምን ተባለ ብላ ጠየቀች። ለተብርሃን፣ የተለየ አስተያየት አላት ብላ ተረጎመችላት። ሐኪሙ ወረቀቱን ለጽጌ መለሱላት፤ በሽተኛዋ ወስናለች አሉ። ከኮሪደሩ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ኖሮ፣ ፔርፌቶ የሚል ድምፅ ሰማን።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ደስታም ስላለበት ሳልቸኩል እነግራችኋለሁ። ሲኞራ መልሳ ወሰደችኝ፤ መጀመሪያ ተቀምጬ የሚሠራ ሥራ ብቻ እየሰጠችኝ፣ ሽምብራ እየለቀምኩ፣ ካልሲ እያጣመርኩ፣ ቀኝ እጄም እንደ አኩራፊ ልጅ ቀስ በቀስ እየመጣልኝ፣ በዓመቱ ሸሚዝ ለመተኮስ በቃሁ። የደም ግፊት እንዳለኝ የታወቀው ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ክኒኔን አንድም ቀን አልዘለልኩም፣ ጨውም ቀንሻለሁ። ዶቶሬሳ አዲስ ካሴት ባገኘች ቁጥር ትጠራናለች፤ ሐሙስ ሐሙስ እኔና ለተብርሃን እየተጫወትን፣ ስንጨርስም ትራም ላይ እየተከራከርን፣ አንዳንዴ ክርክሩ ሳያልቅ መውረጃችን እያለፈን፣ ስንት ደሴትና ስንት ዋሻ ዘለቅን። እስካሁንም በብዙው አንስማማም። ሲኞር አልዶ ሁለተኛ ቃል አገኙ፤ ኳዚ። ማለትም፣ ለጥቂት። ከዚያ ወዲህ ፍርዳቸው ፔርፌቶ ወይም ኳዚ ፔርፌቶ ሆነ፤ ከዚህ የተሻለ ሐያሲ አላውቅም።

እርስዎም ተመለሰልኝ። አንድ ቀን ቄሱን እንዴት ዋሉ አባ አልኳቸው፤ ሳይታወቀኝ ወጣ። ለሚገባቸው ሁሉ መልሼላቸዋለሁ። ለጽጌ ገና ነው። የማኅበሩ ሴቶች ሲጠይቁኝ በሽታው በእሷ በኩል አልለቀቀኝም እላለሁ።

አሁን ለእናንተ፣ ይህ በሽታ ቤታችሁ ለገባ። አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ቃል ሲጠፋ ተኛ የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ ያንኑ ጊዜ ሆስፒታል ሂዱ። ለእኔ በከንቱ ያለፈው ከሰዓት በኋላ ከቀኝ እጄ ብርታት ቆርጦ አስቀርቷል። ለታማሚውም ካርድ ብቻ አታሳዩት። የሚጨርሰው ነገር ስጡት፤ ጨዋታ ይሁን፣ ዳማ ይሁን፣ ገበጣ ይሁን። ሲጨርስ አስተያየቱን ጠይቁት፣ ለምን በሉት፣ ቃሉንም ከአፉ አትቀሙት።

ዶቶሬሳ ክላውዲያን፣ ሲኞራዬን፣ ሲኞር አልዶን፣ ከሁሉም በላይ ያናደደችኝን ለተብርሃንን አመሰግናለሁ። እናንተም በሽተኛችሁ አንድ ቀን አፍጥጦ አልስማማም ቢላችሁ አትቀየሙት። እልል በሉ፤ እየዳነ ነው።